አፈር ስሆን

ሰኞ ጧት፣ ሰልፍ ሳይጀመር፣
አንድ የፈረስ ጋሪ ቆመ ከትምህርት ቤታችን በር።
ዐሥራ አንድ ጆንያ ጭኗል፤ ጆንያው የዩሪያ፣
ውስጡ ግን ሌላ ነው፤ አልመጣም ከባሕር ማዶ ገበያ።
ጥቁር ነው፤ ይሞቃል፤ እጅ ሲገባበት
ትል ይርመሰመሳል፣ እንፋሎት አለበት።

ባለጋሪው ምንይችል ልጓሙን ሰብስቦ፣
ግራ ቀኙን አይቶ፣ ወደ ጆሮዬ ቀርቦ፣
«የት ላውርደው መምህር? ኮምፖስት ነው፣ ስጦታ፤
አንጓች ነች የላከች» አለኝ በሹክሹክታ።

አንጓች!
ደምበጫን ያለፈ ሁሉ ያውቃል ቤቷን፤
ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጭስ የዋጠው ማጀቷን።
እኔም አውቀዋለሁ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ
አባቴን ከዚያ ደጅ ስንቴ አመጣሁት፣ ደግፌ፣ አባብዬ፣ ለምኜ።
የወንዝ ዳሩ ማሳ በኮንትራት ሄደ፤ ቀጥሎም የጓሮው
በመለኪያ ተሰፍሮ ወረደ በጉሮሮው።

ዛሬ ደግሞ እኔ፣ የአትክልት ክበብ ኃላፊ፣
የቀይ አፈር እስረኛ፣ በየክረምቱ ዘር አራጋፊ፤
ካሮቴ እንደ አይጥ ጭራ፣ ጎመኔ ቢጫ፣
በኮምጣጣ አፈር ተሸንፌ፣ መሳቂያ ሆኜ ለደምበጫ።
«መልሰው» ልል አፌን ከፈትኩ።

«ከአረቄ ቤት ስጦታ? ወላጅስ ምን ይላል?» አለ ርእሰ መምህሩ።
ወላጅማ ብዙ ይላል፤
ሲመሽ ግን እዚያው ነው ማደሩ።

ይኸኔ፣ ጋሪውን በእግሯ ስትከተል የነበረች፣
እሷው ራሷ ብቅ አለች።
አርጅታለች። ጭስ የበላው ዐይኗን በመቀነቷ ጫፍ እያሸች
ፊቴን ፈለገች። አወቀችኝ። አልሸሸች።
«የጓንጉል ልጅ» አለች።

«አተላውን ድሮ ከቦይ ነበር የምደፋው፤
ጌሾውን፣ አመዱን፣ ጎርፍ ነበር የሚያጠፋው።
አንድ ክረምት ከደፋሁበት ዱባ በቀለ፣
ማንም ሳይተክለው አጥሬን ዘሎ ጣራዬን አከለ።
ያኔ ጉድጓድ አስቆፈርኩ፤ አዛባ ጨመርኩ፣ ቅጠል፣ ገለባ፤
ሦስት ወር አገላበጥኩት፣ ክረምት ወጥቶ በጋ ሲገባ።
የጠጣ ጠጥቷል፤ መመለሻ የለኝ።
ይቺን ግን፣ አፈር ስሆን፣ ተቀበለኝ።»

አፈር ስሆን።
ስንቴ ሰምቼዋለሁ ይህን ልመና፣
ከእናቴ አፍ፤ አባቴ ዱላውን ከጥግ ሲያነሣና
«አፈር ስሆን፣ ዛሬን ቅር፣ ዛሬን ብቻ» ስትለው።
በሰኔ አፈር ሆነች። እሱም ዓመት አልሞላው።
ግን ቃል በጆንያ ሲሞላ፣
በጋሪ ሲመጣ አላየሁም፤ ከዚያ ቀን በፊትም፣ በኋላ።

ይቅር አላልኳትም። እሷም አልጠየቀችኝ።
«እዚያ ጥግ አውርዱት» አልኩ። አካፋ አቀበለችኝ።

ስድስተኛ «ለ»ዎች መጡ፣ አፍንጫቸውን ይዘው፤
«ቲቸር፣ አረቄ አረቄ ይላል!» ሳቁ ተያይዘው።
ስለእናት ብቻ እጇን እስከ ክርኗ ሰደደች፤
አንድ ትል በመዳፏ አውጥታ፣
«ይሄ እንኳ አልሰከረም» አለች።
አራቱን ጆንያ ለዕድሩ የጋራ ጓሮ አካፈልን፤
ሰባቱን እኛው በየመደቡ በተንን።

ጎመኑ እንዲህ ሆነ፣ ካሮቱ እንዲህ አማረ አልልም፤
ገና ነው። ዝናቡም ዘግይቷል፤ ዘንድሮን ማንም አያውቅም።

የዚያን ዕለት ማታ እጄን ታጠብኩ፣ ሁለቴ፣ በሳሙና።
ሽታው አልለቀቀኝም፤ የአባቴ ሽታ ነበርና።
ጧት ተነሣሁ።
በዚያው እጄ
መደቡን ውኃ አጠጣሁ።